አጠገብህ ሰው አስቀምጥ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ አምሐ፣

እንደምን ከረምክ? የጣሊያን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ስትንበረከክ የሚያምህ ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ቆመን በመሄዳችን እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብህ በፊት ግን፣ እባክህ ከምትኖርበት ገዳም ወንድሞች አንዱን ጥራና አጠገብህ አስቀምጠው። አማርኛ ባይሰማም ግድ የለም።

አባባ አረፉ። ኅዳር 14 ቀን፣ ዓርብ ጧት ነው። ያው ሳሉ ነው የወሰዳቸው። በማግስቱ ቀበርናቸው።

በታኅሣሥና በየካቲት በላኩልህ ደብዳቤዎች «አባባ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል» ያልኩህ ውሸት ነው። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ግዛው ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው፣ «መርዶ በፖስታ አይላክም! ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እዚያ ማን ደግፎ ሊይዘው ነው?» አሉ። እማዬም «አምሐ እስኪመጣ ይቆይ» ብላ ለመነችኝ። እሺ ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት ግን ደብዳቤህ ደረሰ። ፖስታው ላይ የአባባ ስም አለ። «ሳሉ ለቀቀዎት ወይ?» ትላለህ። ለእማዬ ሳነብላት እዚያ ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጠፍኩት። ሦስተኛ ውሸት መጻፍ አቃተኝ።

በጥቅምት የጻፍክልን ትዝ ይልሃል? ገዳምን በላቲን «ሞናስቴሪየም» እንደሚሉት፣ ቃሉ ከግሪክ እንደመጣ፣ ሥሩም ለብቻ መኖር ማለት እንደሆነ። አባባ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። መጀመሪያ ሳቁ። «ለብቻ ለመኖር ከሆነ ሃያ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ምን ይሠራል? ለእኔ ለአናጢው ቢነግሩኝ ለየራሳቸው ጎጆ እሠራላቸው ነበር» አሉ። ከዚያ ግን፣ «እስቲ ጠይቅልኝ፤ ሲያመው ውሃ የሚያቀብለው ሰው አለ?» አሉኝ። ነገ እጽፈዋለሁ፣ ፈተና አለብኝ አልኳቸው። በሳምንቱ አልጋ ያዙ።

እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች ሰላም ትልሃለች። እህታችን ቤተልሄም የአባባን መዶሻ ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው፤ እሷም ሰላም ብላሃለች። ጋሽ ግዛው መጻፌን ስለማያውቁ የእሳቸውን ሰላምታ አልጨመርኩም።

ከአባባ ያለኝ ያ ጥያቄ ብቻ ነው። ይህን ስታነብ አጠገብህ ማን እንደተቀመጠ ስሙን ጻፍልኝ። ማንም ካልነበረም አትደብቀኝ፤ ውሸት በቅቶናል።

ታናሽ ወንድምህ ኢያቄም
መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.