የተቆለፈው አዳራሽና የእቴነሽ ቀኝ ጎን

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ዘውዱ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ደብረ ታቦር፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? እጅዎም እግርዎም፣ ይልቁንም አንደበትዎ፣ ከሁላችን በልጦ እንዲበረታልዎ ምኞቴ ነው። እኔ ልብስ ሰፊው ፈንታሁን፣ ለባለቤቴ ለእቴነሽ የዋሉላት ውለታ በልቤ ብቻ ቢቀር ነውር መስሎ ስለ ታየኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጽፌያለሁ።

እንደሚያውቁት እቴነሽ በታኅሣሥ ብቅል ስታሰጣ ድንገት ወደቀች፤ ቀኝ ጎኗ ከነአንደበቷ ተያዘ። ጎረቤት «መጋኛ ነው» አለ፤ ሐኪሙ «የአንጎል ደም ሥር ነው» አለ። ወንዛዬ ወስጄ ሦስት ሳምንት ፍል ውኃ አስነከርኳት፤ በቃሬዛ እንደ ሄደች በቃሬዛ ተመለሰች። በመጋቢት ግን ሀዋ የምትባል የጤና ትምህርት ቤት ተማሪ ለልምምድ ወደ ከተማችን መጣች። «እትዬ እቴነሽ፣ እግርዎ አልሞተም፤ መራመድ ረስቶ ነው፤ እናስታውሰዋለን» ብላ፣ ጉልበቷን እያጠፈች እየዘረጋች፣ ከሰፌድ ላይ አተር አንድ በአንድ እያስለቀመች፣ ገመድ እያስያዘች አቆመቻት። በፋሲካ ማግሥት እቴነሽ አምስት እርምጃ ሄደች። ልደግፋት ብጠጋ፣ ከአራት ወር ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች፤ «ልቀቀኝ!» አለችኝ። በደስታ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ሀዋ አምስት በሽተኞችን በቀበሌው አዳራሽ ሰብስባ፣ በደኅና እጃቸው የተያዘውን እጅ ወደ ላይ ስታስነሣ፣ እርስዎ ከሁለት ጠመንጃ ያዦች ጋር ደርሰው «ይህ ሰልፍ በማን ፈቃድ ነው?» በማለትዎ ንቃትዎን አደንቃለሁ። አራቱ ያለ ምርኩዝ መቆም የማይችሉት አምስት ሰልፈኞች ከተማይቱን ሳይዙ ቀርተዋል። ከበሽተኞቹ አንዱ፣ የጨው ነጋዴው አቶ ሙሳ፣ አፋቸው ተይዞ ዝም ቢሉም፣ በቃለ ጉባኤው «መልስ ለመስጠት እምቢተኛ ሆነዋል» ብለው ስላስጻፉላቸው እሳቸውም ያመሰግናሉ፤ መናገር ሲችሉ ራሳቸው ይነግሩዎታል።

፪ኛ. አዳራሹን ቆልፈው ሀዋን የመጸዳጃ ጉድጓድ እንድትቆጥር ስለ መደቧት አመሰግናለሁ። የጉድጓዶቻችን ቁጥር ታውቋል። በዚያው ሰሞን የእቴነሽ ጣቶች ተመልሰው ተኮራመቱ።

፫ኛ. እቴነሽ ሀዋ እንድትመለስላት ልታመለክት ምርኩዟን ይዛ ቢሮዎ መጣች። ሌላው በአሥር ደቂቃ የሚሄደውን መንገድ ከማለዳ እስከ ረፋድ ተጓዘችው። እርስዎም ወንበር እንኳ ሳይሰጧት «በእግርሽ ከመጣሽ ምን ጎደለሽ?» አሏት። «ተማሪዋ» አለችዎ። በማመልከቻዋ ግርጌ «አመልካቿ ድናለች» ብለው ማኅተም መቱበት። ፍል ውኃ ያቃተውን በቀለም ስለ ፈወሱልኝ ምን ብዬ ላመስግን?

ሀዋ ወደ ትምህርት ቤቷ ልትመለስ ስትል፣ በመጨረሻው እሑድ ቤታችን ገብታ የምታውቀውን ሁሉ አሳየችኝ። የእቴነሽን ክንድ አስይዛኝ፣ «ቢያማት ያቁሙ፤ ብትቆጣ ግን አያቁሙ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ እቴነሽን አሠራለሁ፣ እቴነሽም ሌሎቹን በሽተኞች እቤታችን ታሠራለች። አሁን እያነከሰች ገበያ ትደርሳለች። ጣቶቿ ግን እስካሁን አልተፈቱም፤ የባከኑትን ሳምንታት ባሰብኩ ቁጥር መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ቁልፍዎ ሳይዝግ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ወገቤን እስከ ስፌት መኪናዬ ድረስ ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ።

አመስጋኝዎ ፈንታሁን

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ግማሽ አካላቸውን የተያዙት እናትዎ እማማ ማሬም ማክሰኞ ማክሰኞ እኛ ቤት በሰው ተደግፈው ይመጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ ቀኝ እጃቸው እስከ ትከሻቸው ተነሣ። «ለልጅዎ የምሥራች እንላክ?» ብንላቸው፣ «ቆዩ፣ መጀመሪያ በደንብ ይጠንክር፤ ጉንጩ ላይ የማሳርፈው ነገር አለኝ» አሉን።