ሀና ማርያምን ለመምረጥ ፉሪ ደርሶ መመለስ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ዲንሳ፣ የተማሪዎች የኢንተርኔት ምዝገባ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔም ልጄም ደህና ነን፤ ስልክ በመነካካት ብዛት ጣቴ ብቻ ትንሽ አብጧል። ከሰልፍ ስለገላገሉን ሳላመሰግንዎ አላልፍም። ድሮ ለምዝገባ ግማሽ ቀን እሰለፍ ነበር፤ አሁን ቤቴ ተቀምጬ አራት ቀን ሆነኝ።

1ኛ. ገጽዎ «ሰፈርዎን ይምረጡ» ይላል። ስሞቹ በፊደል ተራ ስለተደረደሩ የእኛ ሀና ማርያም ከሁሉም በላይ ተቀምጣለች፤ ለክብሩ እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን ገጹ ሲከፈት ቀድማ ተጽፋ ስለምትጠብቅ፣ ብነካትም ገጹ እንደመረጥኩ አይቆጥርልኝም፤ ከታች የትምህርት ቤቶቹ ቦታ ባዶውን ይቀራል። ለቡን ወይም ፉሪን ለነካ ሰው ግን ወዲያው ይዘረዘርለታል።

2ኛ. ዘዴውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ቀመሪያ ናት፤ መጀመሪያ ፉሪን ምረጪ፣ ከዚያ ወደ ሀና ማርያም ተመለሺ አለችኝ፤ ለእሷ ሠርቶላታል። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበትን ሰፈር ክጄ ተመለስኩ። ለእኔ ግን ከላይ ስሙ ብቻ ሀና ማርያም ሆነ፤ ከታች ያሉት ትምህርት ቤቶች የፉሪዎቹ እንደሆኑ ቀርተው ኖሯል። የላዩን አምኜ የመጀመሪያውን ነካሁና ላክሁት።

3ኛ. እንዲህ ሆኖ የሰባት ዓመቷ ልጄ እድላዊት፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ደወል አልጋዋ ድረስ የሚሰማት ልጅ፣ ሁለት ታክሲ ተይዞ ፉሪ አንደኛ ክፍል እንድትገባ ተመደበች። ቢሮዎ መጥቼ ለሠራተኛዎ ለሚሳኤል አስረዳሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና «እናቴ፣ እኔ አምኜዎታለሁ፤ ሲስተሙ ነው የፉሪ ነዎት የሚለው» አለኝ። ማስተካከል የሚቻለው እስከ አርብ፣ ያውም በዚያው ገጽ ነው አሉ። ገባሁ። መጀመሪያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሰፈርዎን ይምረጡ።

4ኛውን እንዲሞሉት ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ከሀና ማርያም በላይ አንድ ባዶ መስመር ያስቀምጡልን፤ ያኔ ስንነካት ትቆጠርልናለች፤ የክብር ቦታችንን በደስታ እንለቃለን። ስሙ ሲቀየርም ከሥሩ ያሉት ትምህርት ቤቶች አብረው ይቀየሩ።

ከቤቴ ሳልወጣ የፉሪ ነዋሪ ላደረጉኝ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለገጽዎ ደግሞ ጥቂት ማስተዋል እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
ተሾመች እንግዳ
ከሀና ማርያም (በመታወቂያ)

ማስታወሻ፦ ይህን በገጹ የአስተያየት ሳጥን ልልክልዎ ነበር፤ እሱም አስቀድሞ ሰፈሬን ስለጠየቀኝ በርዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። አርብ እንዲሁ ካለፈ፣ ሰኞ ጠዋት እድላዊትን ከነምሳ ዕቃዋ ቢሮዎ አመጣታለሁ። የፉሪ ልጅ ያደረጓት እርስዎ ስለሆኑ ፉሪ ማድረሱም የእርስዎ ነው። መኪና ውስጥ በመስኮት በኩል መቀመጥ ትወዳለች።