ለሽማግሌዎቹ ያልኩት አሜን

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ፣ ትንንሾቹስ? የእግርህ ቁርጥማት እንዴት አደረገህ? የዋጫ ዝናብ እንደ ቦንጋው ከሆነ ከጭቃ ጋር ስትታገሉ እንደሰነበታችሁ አልጠራጠርም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ዝማሬም ሰላም ብላሃለች። ለትምህርት እኔ ጋ የተውካት ልጅህ እንደ ወትሮዋ ከደብዳቤዬ ግርጌ በራሷ እጅ ሁለት መስመር ያልጻፈችልህ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ። እባክህ ሳትጨርሰው አትቅደደው።

ስልኬን ማንሳት ከተውክ ወዲህ ሌላ መንገድ አጣሁ። ይህን የሚያደርስልህ የዋጫን ሚኒባስ የሚነዳው ሚሊዮን ነው፤ በእጅህ ሳይሰጥህ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

የከተማው ምክር ቤት ተመራጭ ሆንኩ ስልህ እንዴት እንደሳቅህብኝ ታስታውሳለህ? ከማስተማር የተረፈ ጊዜ ካለሽ ተኚበት አልከኝ። እውነትህን ነው። ተመራጭ ማለት የሰፈሩ ሁሉ አሽከር ነው። የመንገድ መብራት ሲጠፋ ፀዳለ፣ ቦይ ሲደፈን ፀዳለ፣ ቄራው ሲሸት ፀዳለ፣ የመቃብሩ አጥር ሲፈርስም ፀዳለ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ በየጉድጓዱ ዞሮ ያየኛል፣ እኔ የቆፈርኩት ይመስል።

የዘንድሮው ዝናብ ግን ቀልዱን አበቃው። የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ዳገት ተንዶ ከበታቹ ያለው ምንጭ ውስጥ ገባ። የሰፈራችን ቦኖ ሲደርቅ የምንቀዳው ከዚያ ምንጭ ነው። ሰው ይታመም ጀመር። ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ቦታ ፈልጎ ማቅረብ፣ ምክር ቤቱ ደግሞ ማጽደቅ ነበረበት። ቦንጋ ዳገትና ምንጭ እንጂ ሜዳ መቼ አላት? ባለሙያዎቹ የትም ቢሄዱ ከበታች ውሃ አለ። በመጨረሻ ውሃ የማይነካ አንድ ለጥ ያለ መሬት አገኙ። እሱም የአባታችን መሬት ሆነ።

ጡረታ ስወጣ ቤት እሠራበታለሁ ያልከው፣ እንሰቱን በእጅህ የተከልክበት መሬት መሆኑን እኔ አጥቼው አይደለም። ወሬውን ስሰማ እኔንም አመመኝ። አንተ ግን አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ ሦስት ሽማግሌ ላክህብኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እመልሰው ነበር። ጋሽ ገሠሠን፣ የአባታችንን የልብ ወዳጅ፣ በምን አፌ እምቢ ልበል? በስብሰባ የምንከራከረው በአማርኛ ነው፤ እሳቸው ግን በካፊኖኖ፣ በአባታችን አነጋገር ለመኑኝ። አባትሽ ላቡን ባፈሰሰበት መሬት ላይ የከተማ ጉድፍ እንዲደፋ እጅሽን እንዳታነሺ አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሺም እምቢም አልወጣኝም። ከዚያ ሦስቱም ቆመው መረቁኝ። ሽማግሌ ቆሞ ሲመርቅ ዝም ይባላል እንዴ? አሜን አልኩ። ምርቃት የተቀበለ ሰው ቃል እንደሰጠ እንደሚቆጠር እያወቅሁ አሜን አልኩ። እነሱም ጉዳዩ አልቋል ብለው ላኩልህ። አልዋሹህም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

በስብሰባው ቀን አፈ ጉባኤዋ የቤተሰብሽ ጉዳይ ስለሆነ ከፈለግሽ መውጣት ትችያለሽ አሉኝ። በሩ ከጎኔ ነበር። ብወጣ ካንተም ከሽማግሌዎቹም ጋር ሰላም ነኝ። ቆሻሻው ግን እዚያው ምንጩ ላይ ሊከርም ነው። የምትደግፉ ሲባል ዞር ብዬ የተነሱትን እጆች አየሁ፤ አይበቁም። የኔን አነሳሁ። በኔ እጅ አለፈ።

በማግስቱ ጋሽ ገሠሠ ገበያ ላይ ሰላምታዬን ሳይመልሱልኝ አለፉ። አንዳንዱ ለሹመት ብላ የአባቷን አጥንት ሸጠች ይላል። እንኳን ሹመት፣ የስብሰባውን ሻይም ከደረሰኝ ቆይቷል። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያንተን ዝምታ ግን አልቻልኩትም። ለምን እንዳነሳሁ በጉባኤው አልተናገርኩም። ብናገር ለገዛ ቤቷ ነው የምታለቅሰው ይሉኝ ነበር፤ አይሳሳቱም።

አሁን የዝማሬን ነገር ልንገርህ። ለአባቴ ጉንፋን ነው በዪልኝ ብላ አስምላኝ ነበር፤ ይኸው ምርቃትም መሐላም የማፈርስ ሴት ሆኛለሁ። ያልጻፈችልህ በቀኝ እጇ ግሉኮስ ስለተሰካባት ነው። ይህን የምጽፍልህም ከሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ትናንት ሾርባ ቀምሳለች፤ ሐኪሙም ክፉው አልፏል ብሎኛል። ቦኖው በደረቀበት ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጄሪካን ይዛ ወደ ምንጩ የምትወርድልኝ እሷ ነበረች።

ባለቤትህን ሳታስደነግጥ ቶሎ ና። ልትቆጣኝም ከሆነ ና፤ በረንዳው ላይ ቆመን እስከ መጨረሻው እሰማሃለሁ። ስትመጣ ከቤትህ በላይ ካለው ምንጭ ውሃ ያዝላት። እኔ አፍልቼ ብሰጣትም ብርጭቆውን አይታ አይታ ትመልስልኛለች።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። ቤትህን ከክፉ ይሰውርልህ። ሳንቀያየም ያገናኘን። ይህቺን ምርቃቴን አሜን ብለህ ከተቀበልከኝ ይበቃኛል።

በእጅህ ያደግሁት ታናሽ እህትህ