ከጅዳ የላክሽው ፎቶ

ልጄ ሂዳያ፣ አላህ ከክፉ ሰውም ከክፉ ቀንም ይሸሽግሽ፤ የሪያዱን ቤት ሰዎች ልብ ያራራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት መስጊድ በእግሩ ይሄዳል።

አሠሪዎችሽ ለዕረፍት ጅዳ ሲወስዱሽ ባሕሩ ዳር የተነሳሽውን ፎቶ ለመንደሩ ሁሉ አሳየሁ። «የቤቱ አባወራ ጎልፍ የሚሉትን የሀብታም ጨዋታ ሲጫወት፣ ሂዳያና ቤተሰቡ በጀልባ ይንሸራሸራሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ ማታ ባሕሩ ዳር ይናፈሳሉ» እያልኩ አወራሁ። አንቺ ግን የልጆቹን ጫማ ይዘሽ አሸዋው ላይ ቆመሽ እንደዋልሽ፣ እግርሽን እንኳ ውሃ ሳይነካው እንደተመለስሽ ነግረሽኝ ነበር። እሱን ዋጥ አደረግሁት።

አሁን የጎረቤታችን የዘሐራ ልጅ ጦይባ ትምህርቷን ትታ ደላላ አናግራለች። «እኔም እንደ ሂዳያ ባሕር አያለሁ» ትላለች። ለዘሐራ እውነቱን ብነግራት፣ «የአንቺዋ ስትሄድ ጥሩ ነበር፣ የእኔዋ ስትሆን መጥፎ ሆነ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

አላህ በጤና ያገናኘን፣ እጅሽን ይባርከው። ካልከበደሽ ለጦይባ ሌላ ፎቶ ላኪላት። ባሕሩ አይኑርበት፤ በረኪና የላጠው እጅሽ ብቻ ይታይ። በእኔ ስልክ ግን አትላኪው፤ እኔ አይቼው አልችለውም።

እናትሽ