የአባትሽ የብስክሌት ጉዞ

ለምወድሽ ልጄ ለደሳለች፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን።

አባትሽ ከደብረ ታቦር እስከ ጎንደር በተዘጋጀው የብስክሌት ጉዞ ካልሄድሁ አሉ። ክፍያው የወር አስቤዛችን ስለሆነ እምቢ ብዬ ነበር። የደከመውን የሚያነሣ መኪና ከኋላ ይከተላል ሲባል ግን "ይክፈሉ" አልሁ። ባለፈው ስኳር ሊገዙ በብስክሌት ወጥተው ከከተማችን ርቀው ይፋግ ነው የተገኙት።

ሊመዘገቡ አብረን ስንሄድ አንዱ ጎረምሳ "አባባ፣ ይሄ እኮ የቀብር ጉዞ አይደለም!" አላቸው። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ገንዘቡን ይዘው ወደኔ ዞሩና "እሜቴ፣ ክፍያውን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት?" አሉኝ። ተቀብዬ ከፈልሁላቸው።

ፋሲካን ሳትጠብቂ ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ አባትሽ ያንቺን ስም እስካሁን ይጠሩታል።

እመብርሃን በጤና ታገናኘን።

እናትሽ አመተማርያም