በስንጥቁ ላይ የተለጠፈችው መስታወት

ለእማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ አባባም ከመቆጣት በቀር ምንም አላመማቸውም።

የባቡሩ ዋሻ ቤታችን ሥር ደርሷል። አባባ «የተራራው ሆድ ዕቃ ወጥቶ ቤት ይቆማል ወይ?» ብለው የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ አቤቱታ አስፈርመው እንደነበር ታውቂያለሽ። የቁፋሮው ቀያሽ ታዲያ ሳሎን ግድግዳ ላይ ባለው የድሮ ስንጥቅ ላይ ጣት የምታክል ቀጭን መስታወት ለጠፈ። ግድግዳው ከተነቃነቀ ትሰበራለች፣ ከተሰበረች ደግሞ ምክንያቱ እስኪታወቅ ቁፋሮው ይቆማል አለን። ከዚያ ወዲህ አባባ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው እንደ ቴሌቪዥን ሲያዩዋት ነው የሚውሉት።

ማክሰኞ ዕለት፣ ጺማቸውን ሊላጩ በተነሱባት አምስት ደቂቃ ውስጥ ተሰበረች።

ቁፋሮው ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተግተልትለው መጥተው «አንተስ ነቢይ ነህ» አሏቸው። ሁሉን ነገር ለነገ የሚሉት ጎረቤታችን ጋሽ ይደር፣ ዋሻው ከእንግዲህ ለልጅ ልጆቻችንም አይደርስም ብለው ተደሰቱ። እኔ ግን ምሳዬን ሳልበላ ተነሳሁ። አውቶቡሱ ተራራውን ሲዞር አምስት ሰዓት እየፈጀብሽ በወር አንዴ ነው የምናይሽ፤ በባቡር ግን በየማታው እራት አብረን ልንበላ ነበር።

አባባም አልሳቁም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ሶፋው ሥር ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አዩ፤ ቀና ሲሉ አተኩረው አዩኝ።

«እናትሽ በባቡር ስንት ደቂቃ ነበር ያልሽኝ?»

ሃያ አልኳቸው።

በነጋታው ቀያሹን አስጠሩና በሽማግሌዎቹ ፊት «የሰበርኳት እኔ ነኝ፤ በከዘራዬ» አሉ። ከዘራ የሽማግሌ ነው ብለው አንቺ የገዛሽላቸውን ለጋሽ ይደር የሰጡት እሳቸው! ጋሽ ይደር ያንኑ ከዘራ ተደግፈው ይሰሙ ነበር።

ቀያሹ በየግድግዳው ያኖራቸውን ሌሎች መለኪያዎች አንድ በአንድ አየ። ቤቱ ፍንክች አላለም። አዲስ መስታወት ለጥፎ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ቁፋሮው ቀጥሎ ሳህኖቹ መደርደሪያው ላይ ሲንጫጩ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። ሽማግሌዎቹ አሁን አባባን «ባለ ከዘራው» ይሏቸዋል፤ እሳቸው እንደሆኑ ብዙም አልከፋቸውም።

ስትመጪ ኳስ ግዢልኝ። የበፊቷ አባባ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባታል። ለምን እንደሆነ እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅኳቸው፣ አንቺም ባትጠይቂ ደስ ይለናል።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ መንገድሽን ያሳጥረው።

ልጅሽ