የሞሪን ወለልና የእኔ ወለል

ተሼ፣ የልጄ አባት፤

አፈር ከለበስክ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነህ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አኩርፌህ ነው። የሞተ ሰው ይኮረፋል ወይ በለኝ። እኔ አኮረፍኩ።

ቤታችን እዚያው ጄኔቭ፣ «ለ ሊኞን» የሚባለው ሰፈር ነው። ሶፋውን ሮን ወንዝ እንዲታየኝ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሊያ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤቷ ባለበት ሰፈር፣ ፕላንፓሌ ነው የምትውለው። አማርኛዋ እንደተውከው ነው። በቀደም ዘግይታ መጥታ «ማማን፣ ትራሙን አመለጥኩት» ትለኛለች። ብትኖር አስቀምጠህ ታርማት ነበር። እኔ ስቄ እራቷን አቀረብኩላት። የወረቀትህን ክምር አልነካሁትም። ግማሹ ስለዚያች ሴት ነው።

ስለ ሞሪን።

የዚያችን እንግሊዛዊት ሕይወት እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ያስጠናኸኝ አንተ ነህ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሆስፒታል ውስጥ ወለል አጣቢ ሆና ተቀጠረች። አለቃዋ አንዲት ነፍሰ ጡር ጓደኛዋን ከሥራ ሲያባርር፣ ባልዲዋን ኮሪደሩ ላይ ደፍታ ውሃው መሃል ቁጭ አለች። ሌሎቹም ባልዲያቸውን እየደፉ አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ የጽዳት ሠራተኞች ተጠሪ፣ ከዚያ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ፣ በመጨረሻም ተመርጣ ፓርላማ ገባች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንን ታወራለህ። ባልዲው ላይ ስትደርስ ዓይንህ ይበራል። እኔ ሳህን እያነሳሁ ዓይንህን አያለሁ።

ውለታዋን አልክድም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ የፋብሪካችሁ ሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበርክና አንተም ስትታሰር፣ ፎቶህን ይዛ ለንደን አደባባይ የቆመችው እሷ ናት። ስትፈታም ጄኔቭ ስብሰባ ያስጠራችህ እሷ ናት። በዚያው ቀረህ፤ እኔና ሊያም ተከተልንህ።

ግን እኔም ወለል አጥቤያለሁ፣ ተሼ። ሻትሌን በሚባለው ሰፈር፣ የአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ፣ አንተ እያለህ አሥራ አንድ ዓመት፣ ዛሬም እዚያው ነኝ። አንተ ፔርሚ፣ ያንን የመኖሪያ ፈቃድ፣ እስክታገኝ፣ ፈረንሳይኛ እስክትማር፣ ስብሰባህን እስክትጨርስ። ማታ ጉልበቴ ሲያብጥ በቅባት ታሽልኝ ነበር፤ ደግ ነበርክ። እያሸኸኝ ግን የምታወራኝ ስለ ሞሪን ባልዲ ነበር።

ቀብርህ ላይ መጣች። እንደ ሀገሯ ሰው በመሐረብ ዓይኗን ጠርጋ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እንደ እኛ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሴቶቹ «ምኑ ናት?» ሲባባሉ ሰማሁ። እኔም ያንን ጥያቄ ይዤ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ።

ባለፈው ወር ከዙሪክ ጥሪ መጣ። የሠራተኛ ማኅበራት ሰዎች በስምህ ስብሰባ አዘጋጅተዋል፣ ዋናዋ ተናጋሪ ሞሪን ናት። አልሄድም አልኩ። ሊያ ግን ለሁለታችንም የባቡር ትኬት ቆርጣ መጣች።

ሞሪን አርጅታለች፤ በከዘራ ነው የምትራመደው። መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ጀግንነትህ፣ ስለ ትዕግሥትህ፣ በእስር ቤት ስለጻፍካቸው ደብዳቤዎች ተናገረች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ስለ ሚስትህ አንድ ቃል አልነበረም። ውስጤ ነደደ።

ሲያበቃ ሰው ሁሉ ከቧት ሳለ የሊያን እጅ ይዤ ሞሪን ፊት ቆምኩ። «በያት» አልኩ፤ «እኔም ወለል አጥቤያለሁ። ባሌ ግን ዕድሜውን በሙሉ ያንቺን ወለል ሲያወራ ኖረ። ምኑ ነበርሽ?»

ሊያ ቀላች። «ማማን፣ እንደዚህ አልላትም» አለች።

«በያት አልኩሽ።»

አለቻት። ሞሪን አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እኔንም አስቀመጠችኝ። ጓደኛህ እንደነበረች፣ ከዚያ ያለፈ አንዳች ነገር እንዳልነበረ ነገረችኝ። አመንኳት። ቀጥላ ግን ይህንን አለችኝ። አንድ ቀን ያንን የባልዲ ታሪክ ለሰው እንደገና ስታወራ ሰምታህ «ሚስትህም እኮ ወለል ታጥባለች፤ የሷን ለምን አታወራም?» ብላህ ነበር። አንተም አንገትህን ደፍተህ «አፍሬ ነው» አልካት። «ባንቺ ታሪክ ውስጥ አለቃውን እጠላዋለሁ። በአስቴር ኮሪደር ግን አለቃው እኔ ነኝ።»

ሊያ ይህንን የተረጎመችልኝ እጄን ይዛ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አላለኝም። የባሰ ቀናሁ። ንስሐህን እንኳን ለእሷ ሰጠሃት፣ ተሼ! ያቺን አንዲት ቃል ለእኔ ብትላት፣ ጉልበቴን ይዘህ ሳለ ብትላት፣ አሥራ አንዱ ዓመት እንዴት በቀለለኝ።

አለቀስኩ። ሞሪን እንዳባራ ጠብቃ፣ «ሥራሽ እንዴት ነው? ንገሪኝ» አለችኝ። አንተ አንድም ቀን ያልጠየቅከኝን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጎህ ሳይቀድ ስለምይዘው አውቶቡስ፣ እጄን ስለላጠው የጽዳት መድኃኒት፣ በስሜ ስለማትጠራኝ ኃላፊ፣ ወለሉን ስወለውል እግራቸውን አንስተው «መርሲ» ስለሚሉኝ አሮጊት። የሚሸኟት ሰዎች ሰዓታቸውን እያሳዩ ቢጠሯት በእጇ መለሰቻቸው። አንዴም ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። ለእኔ ያልነገርከኝን ሁሉ ለምን ለእሷ እንደነገርካት ያን ጊዜ ገባኝ። ገባኝ እንጂ ቅናቴ አልወጣልኝም። ላታልልህ አልፈልግም።

በማግሥቱ የአረጋውያን መኖሪያው ሄጄ ኃላፊዬን «ስሜ አስቴር ነው» አልኳት። ደንገጥ ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይኸው ነው፤ ሰልፍም የለ፣ ባልዲም አልደፋሁ። ግን ለአንተ ልነግርህ ፈለግኩ።

ከእንግዲህ የማስታውሰው ጀግናውን ብቻ አይደለም። ያፈረውንም ሰው አስታውሰዋለሁ፤ እሱን ይበልጥ እንደምወደው ዘግይቶ ነው የገባኝ። ስምህን በቅዳሴ አስጠራለሁ፣ ለልጅህም እነግራታለሁ፣ አንተ ጋ እስክመጣ ድረስ አልረሳህም። ሞሪን ለሙት ዓመትህ ልምጣ ብላ ጻፈችልኝ። ትምጣ ብያታለሁ። ጧፍህን የማበራው ግን እኔ ነኝ፤ እሷ ከኋላዬ ትቁም።

ባለቤትህ፣
አስቴር